ለሽማግሌ የማይሆን ሞላ

ነህምያ ለመኪናው ሞላ ሲመርጥ የፈጀው ጊዜ ሚስት ሲመርጥ ከፈጀው ይበልጣል። ያኔትን ያያት ሎዛን በተደረገ የወጣቶች ጉባኤ ላይ ነው፤ ከሻይ በፊት ወደዳት፣ ከሻይ በኋላ ነገራት። የሞላው ጉዳይ ግን በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ አልተቋጨም።

እኔ ተናኘ እባላለሁ። ከነህምያ ጋር ጄኔቭ፣ ሜራን የሚባል ሰፈር አንድ ሕንጻ ላይ ነው የምንኖረው፤ ኦ ቪቭ ሰፈር ያለ ካፌ ወጥ ቤት እሠራለሁ፣ እሁድ ደግሞ አንድ ጸሎት ቤት እንገናኛለን። እናቱ ሐዋሳ ስለሆኑና እዚህ የሚቆጣው ሰው ስለሌለ ቁጣውን እኔ ተረክቤያለሁ። ልጁ ጨዋ ነው። ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ወደ ላይ ሲያወጣ ይሰነብትና ቅዳሜ ሲመጣ መኪናውን ወደ ታች ለማውረድ ይጨነቃል።

መኪናዋ ባለ አራት በር ናት። ቆማ ሲያዩዋት የቤተሰብ መኪና ትመስላለች፣ ስትነሳ ግን ሕንጻው ይሰማል። ነህምያ እንዳስረዳኝ ሞላው የመኪናዋን ክብደት ይሸከማል፣ አሞርዛተሩ ደግሞ እንዳትዘል ያረጋጋታል። ሁለቱ ካልተስማሙ መንገድ ላይ እንደ ፍየል ትዘላለች አለኝ። ከፊቱ ሦስት ምርጫ ነበረው። አንደኛው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ምቾቷን የሚጠብቅ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው መሬት ላይ የሚያስተኛትና ለውድድር ሜዳ የተሠራ ደረቅ ነገር። ያለ እፍረት ምቹውን ውሰድ አልኩት። እሱ ግን ምክሬን በትሕትና ሰምቶ ወደ ጋሽ ዘበነ ሄደ።

ጋሽ ዘበነ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ናቸው፤ ስለማያውቁት ነገር ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል። ነህምያ ያመጣውን የሦስቱንም ሞላ ሥዕል በየተራ አዩና መሬት የተጠጋችው መኪና ትሕትና ያላት መኪና ናት ብለው ፈረዱ። ነህምያ የፈለገው ይህንን ነበር። ደረቁ ሞላ ከነአሞርዛተሩ ተገጠመ፣ መኪናዋም ተፈትሻ በወረቀቷ ላይ ተጻፈላት። በዚህ አገር ዝቅ ለማለትም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። ነገር ግን መኪናዋ የተሰናዳችው እኛን ሽማግሌዎቹን ወደ ዙሪክ ለመጫን ነበር።

የያኔት አባት አቶ ፍቅሬ የሚኖሩት ዙሪክ ጥግ ዋሊሰለን ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እሳቸውና ልጃቸው ብቻ ናቸው። ከእኛ በፊት ሽማግሌ የላከ አንድ የበርን ልጅ ነበረ፤ ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥተው ባዶ እጃቸውን ሸኟቸው። ለእኛ በያኔት በኩል አንድ ቅዳሜ ሰጡን፣ ያ ቅዳሜ ካለፈ ሌላ ቀጠሮ እንደሌለም አስነገሩ። ነህምያ ይህን ከሰማ ጀምሮ ምግብ አይበላለትም፤ ልጅቷን ካጣ ምን እንደሚሆን ማሰብ ያስፈራኝ ነበር።

ሽማግሌ ሦስት ይሁን ተባለና ጋሽ ዘበነ አንደኛ ሆኑ። ሁለተኛው አቶ አስረስ ናቸው፤ ዝምተኛ ሰው ሲሆኑ በስብከት መካከል ሳይቀር ይተኛሉ። ሦስተኛ ሽበት ያለው ወንድ ቅዳሜ ሥራ የማይገባ ስለታጣ እኔ ሆንኩ። ጋሽ ዘበነ ሴት ሽማግሌ ሲባል ትንሽ አንገራገሩ፤ ሽበቴን ሲያዩ ግን ከእሳቸው እንደማያንስ አመኑ።

ጠዋት የሀበሻ ቀሚሴን ለብሼ ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ፤ ተቀመጥኩ ማለት እንኳ አይቻልም፣ ወደቅሁ። ከሎዛን በኋላ በየድልድዩ ያለውን መገጣጠሚያ በወገቤ አወቅሁት። ጋሽ ዘበነ ከኋላ ሆነው የሚናገሩትን ንግግር ይለማመዱ ነበር፣ መንገዱ ግን ቃሉን ከመካከሉ ይቆርጥባቸዋል። አቶ አስረስ እስከ ዙሪክ ዓይናቸውን አልከደኑም። የዚያን ጊዜ ነው ነገሩ የከፋ መሆኑ የገባኝ።

ዋሊሰለን ስንደርስ ነህምያ ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ አስጠግቶ አቆመና ቁልፉን ይዞ ዘሎ ወረደ። ልጅ ሽማግሌ ሲልክ አብሮ አይታይም፤ ይህን ያውቃል። ሮጦ ጠርሙስ ከሚጣልባቸው ትልልቅ በርሜሎች ጀርባ ተደበቀ። እኔ በሬን ስገፋው ሁለት ጣት ያህል ተከፈተና በድንጋዩ ጠርዝ ተያዘ። ገፋሁ፣ አልሄደም። መኪናዋ በእኛ ክብደት ወርዳ የበሩ ግርጌ ከጠርዙ በታች ሆኗል። እኛ ካልወረድን መኪናዋ ከፍ አትልም፣ መኪናዋ ከፍ ካላለች ደግሞ እኛ አንወርድም።

የኋላዎቹ በሮች ከውስጥ አይከፈቱም፤ ነህምያ እሁድ እሁድ የጸሎት ቤቱን ሕፃናት ስለሚያመላልስባት የልጆች መቆለፊያውን ዘግቶታል። በነህምያ በር እንዳልወጣ የማርሽ ዱላውን በሀበሻ ቀሚስ መሻገር ሊኖርብኝ ነው፤ ከዚያስ ሞትን እመርጣለሁ። ስልክ ደወልኩለት። አላነሳም፣ መልእክት ላከ፤ "እየጸለይኩ ነው" ይላል።

አቶ ፍቅሬ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ሲያዩን ቆይተው ኖሯል። እንዳልወጣን ሲያዩ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው በቤት ጫማ ወረዱ። ጋሽ ዘበነ ላብ አጠመቃቸው። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ ተቀመጡ ቢባል እንኳ የመጣሁበትን ሳልናገር አልቀመጥም ይላል። እኛ ደግሞ የሰው ልጅ ልንለምን መጥተን ተንጋለን ተቀምጠናል።

አቶ ፍቅሬ በመኪና መንገዱ በኩል ዞረው የጋሽ ዘበነን በር ከውጭ ከፈቱ። ጋሽ ዘበነ ሊወርዱ እግራቸውን ሲያነሱ አቶ ፍቅሬ ቀና ብለው ማዶውን አዩ። ካፊያው ጀምሯል፣ በየመስኮቱም መጋረጃ ይነቃነቃል። ጎረቤት ፊት መንገድ ላይ ቆሞ ይህን ነገር ማውራቱ አልተዋጠላቸውም መሰለኝ።

"ጠጋ በሉልኝ" አሉና ገብተው በሩን ዘጉ።

አቶ ፍቅሬ ግዙፍ ሰው ናቸው። መኪናዋ አቃሰተችና ሌላ ትንሽ ወረደች። ቆይተው መስኮቱን ሊከፍቱ ሞከሩ፣ እንቢ አለ፤ በሩን ሞከሩ፣ እሱም እንቢ አለ። የማን መኪና ናት ሲሉ ጋሽ ዘበነ ስለ ትሕትና ጀመሩ። አቶ አስረስ ግን ያን ቀን የመጀመሪያቸው በሆነ ቃል የልጁ ናት አሉ። ሞላውንም ራሱ ነው የመረጠው ብዬ ጨመርኩ፤ ተናድጄ ነበር።

ጋሽ ዘበነ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ተቀምጠን ስለምንናገር ይቅርታ ጠይቀው፣ ጉልበታቸው አገጫቸው አጠገብ እንደሆነ ልጅዎን ለልጃችን አሉ። አቶ ፍቅሬ የእኔን ወንበር ጀርባ እያዩ ተናገሩ።

"የበርኑን ልጅ የመለስኩት ክፉ ሆኖ አይደለም። ሩቅ ሆኖብኝ ነው። በርን ሩቅ የሆነበት ሰው ጄኔቭን ምን ይበል? በዚህ መኪና ልጄ መጀመሪያ በየሳምንቱ ትመጣለች። ወገቧን ሲያማት በየወሩ ታደርገዋለች። ቀጥሎ በስልክ ይሆናል።"

ባቡር አለ አልኳቸው። ባል መኪና እያለው ማን በባቡር ይመጣል አሉኝ። አንጀቴን በሉት። እኔም ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ስልክ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

እሳቸው ጥሎሽም ድግስም እንደማይፈልጉ፣ ልጁ ግን ሞላውን እንዲቀይር ተናገሩ። በስሙ እሺ አልኩ። ወዲያው ለነህምያ ጸሎትህ ተሰምቷልና ና ክፈት ብዬ ጻፍኩ።

መጣ። አጎንብሶ በሩን ከፈተ። አቶ ፍቅሬ ሳይወርዱ ለምን ይህን ደረቅ ሞላ እንደመረጠ ጠየቁት። ያኔት ከመስኮት ስታያት እንድታምር ነው አለ። እሳቸው ወደ ሦስተኛ ፎቅ ቀና ብለው አዩ፤ ያኔት ሰገነቱ ላይ ቆማለች። ከዚያ የሚታየው ጣሪያው ብቻ ነው አሉት በእርጋታ። ልጁ ይህን አስቦት አያውቅም ነበር።

ሞላውን ይቀይር እንደሆነ ሲጠይቁት ነህምያ ጎማዎቹን አየ። አንዱን አየና ሌላውን አየ። በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ሰው መምታት ያማረኝ ጊዜ የለም። በመጨረሻ "ዳኮር፣ እሺ፣ እቀይራለሁ" አለ፤ ድምፁ የወጣው እንደ ታማሚ ነው።

"እንግዲያው ግባና ንዳ" አሉ አቶ ፍቅሬ። ወዴት ሲላቸው ጄኔቭ አሉ። ልጃቸው የምትመላለስበትን መንገድ ሊያዩት ነው። ለያኔት ደውለው ለእንግዶቹ የተሠራውን ምግብ ፍሪጅ ውስጥ እንድታስገባው ነገሯት፤ እሷም ሽማግሌዎቹ አባቷን ይዘው ሲሄዱ ከላይ ሆና አየች። እኛ ቤቱን ሳንረግጥ ተመለስን።

አቶ ፍቅሬ መንገዱን ሁሉ በትኩረት አዩት። በርን ስናልፍ ገና ነው ወይ አሉ፣ ፍሪቡርግ ላይም ገና ነው ወይ አሉ፣ ከሎዛን በኋላ መጠየቅ ተዉ። በየመገጣጠሚያው ግን እህ ሲሉ እሰማለሁ። ለማን እህ እንደሚሉ ገብቶኝ ነበር።

ሜራን ስንደርስ ገና አልመሸም። ነህምያ ከጠርዙ ርቆ አቆመና በሩን ከፈተላቸው። አቶ ፍቅሬ ወረዱ፣ ወገባቸው ግን አልቃና አላቸው፤ እንደጎበጡ ቀሩ። እንዲያው እንዳሉ አንገታቸውን ጠምዝዘው ሕንጻውን ቃኙ። የእሷ መስኮት የትኛው ይሆናል ብለው ጠየቁ፣ ነህምያ በጣቱ አሳያቸው። ብዙ ቆዩበት።

"እሷ አትድከም። የምመጣው እኔ ነኝ" አሉት።

ነህምያ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል እሳቸው ቀድመው ጎብጠው ስለነበር ግንባር ለግንባር ተጋጩ። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ልጁ ያለቅሳል፣ አባትየው ትከሻውን ይዘዋል፤ እኛ ሦስታችን መኪናዋ ውስጥ ሆነን እስኪጨርሱ ጠበቅናቸው።