ለሚስቴ ወንድም ነው

መኪና መንዳት የሚያሠለጥነው ሰውዬ መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ አያውቅም። ሠርግ ቤት እንኳን ውኃውን ይዞ ጥግ የሚቀመጥ፣ ለጠጪ ሁሉ ምክር የማያልቅበት ደረቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ሰፈሩ ሰካራም ያደረገው።

ነገሩ የተገለጠለት መድኃኒት ቤት ነው። ለጨጓራው ማስታገሻ ሊገዛ ገብቶ ነበር። ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን ስታቀብለው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አይዞዎት፤ ይሄ እኮ በሽታ ነው። ጨጓራውም ከእሱ ነው የመጣው።»

«ከምኑ?»

«ከመጠጡ ነዋ። መጠጥ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ይሰበሰባሉ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ። ለእህትዎ ባል ነግሬያቸዋለሁ። እንዴት እንደተጨነቁልዎት ቢያዩ!»

የአሠልጣኙ ደም ፈላ። ተማሪዎቹ ድንገት የቀሩበት ምክንያት፣ የአንዷ አባት ሰላም ሲለው ጠጋ ብሎ ትንፋሹን ማሽተቱ፣ ሁሉም አሁን ገባው። የታናሽ እህቱ ባል ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ ምላጭ ይለዋል። አሠልጣኙ የገንዘቡን መልስ እንኳን ሳይቀበል በቀጥታ ወደ ፀጉር ቤቱ ገሰገሰ።

ምላጭ ብቻውን ወለሉን እየጠረገ ነበር።

«አንተ! እኔን ነው ሰካራም ያልከው?»

ምላጭ አልካደም። መጥረጊያውን እንደያዘ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ ስብሰባው የት እንደሆነ እየጠየቅኩ ነበር። ለማን ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። ለሚስቴ ወንድም ነው አልኩ።»

«ከሰው ሁሉ መርጠህ እኔን?»

«አንተ ትጠጣለህ ቢባል ማንም አያምንም ብዬ ነዋ!»

«ሁሉም አመነ!»

ሊሰድበው አፉን ሲከፍት የሰውየውን እጅ አየ። መጥረጊያው አብሮት ይንቀጠቀጣል። መስተዋቱ ሥር የፀጉር ማሽን ብቻ ነው ያለው፤ ጢም መላጨት ትቷል፣ ሰው እቆርጣለሁ ብሎ ፈርቶ። አሠልጣኙ ስድቡን ትቶ አጠገቡ ቁጭ አለ።

«እህትህ እስከዚህ ሐሙስ ነው ያለችኝ» አለ ምላጭ። «ስብሰባው ካልገባሁ ልጆቹን ይዛ ትወጣለች። ጋሼ፣ በሩ ድረስ እየሄድኩ እመለሳለሁ። እግሬ እምቢ ይለኛል።»

«እግርህን እኔ አመጣዋለሁ» አለ አሠልጣኙ።

ሐሙስ ዕለት ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ ባላት መኪና ሄዱ። የማሠልጠኛ መኪና ከጎን ለሚቀመጠውም ፍሬን አላት፤ ተማሪ ሲሳሳት አሠልጣኙ የሚረግጣት። ያን ቀን መሪውን የያዘው አሠልጣኙ ራሱ ስለሆነ ፍሬኗ ለምላጭ ደረሰችው። አዳራሹ ገና ከሩቅ ብቅ ሲል ረገጣት። መኪናዋ መንገድ መሀል ቀጥ አለች፤ ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ ረገጣት።

«እግርህን አንሣ አልኩህ!»

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም፤ እሱ ራሱ ነው።»

በሩ ላይ ሲደርሱ ምላጭ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት ወይ ፍንክች። የአሠልጣኙ ትዕግሥት አለቀ።

«ቆይ፣ እኔ ገብቼ ልየው። ሰው አይበሉም!» ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎት ገባ።

ሰዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ስብሰባውን የምትመራው ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ እጁን ይዛ አስቀመጠችው። መናገር ከፈለጉ ይናገሩ፣ ካልፈለጉም መቀመጡ ይበቃል አለችው።

«እኔ እንኳን አልጠጣም» አለ አሠልጣኙ። «የእህቴን ባል ይዤ ነው የመጣሁት።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«እኔም መጀመሪያ የመጣሁት ለጎረቤቴ ነበር» አለ አንድ ግዙፍ ሰውዬ።

«እኔ ለባሌ አጎት» አለች አጠገቡ ያለችው ሴት።

«እውነቴን ነው! ጠብታ ቀምሼ አላውቅም!»

ሳቁ ባሰ። አዋላጇ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «ግድ የለም፤ ቀስ ብሎ ይመጣል» አለችው። በማለ ቁጥር ይበልጥ ሰካራም እየሆነ ሄደ። ተናዶ ሊወጣ ሲነሣ በሩ ተከፈተ።

«እሱ እውነቱን ነው» አለ ምላጭ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ደገመው። «እሱ እውነቱን ነው። ጠጪው እኔ ነኝ። ስሙን ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። ጠዋት ካልጠጣሁ እጄ አይረጋም፤ ከጠጣሁ ደግሞ ሰው ፊት ላይ ምላጭ ማሳረፍ እፈራለሁ።»

የሳቀ የለም። ግዙፉ ሰውዬ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀለት። አሠልጣኙ ስሙ እስኪነጻ ድረስ እንቅልፍ አጥቶ ነበር የከረመው። አሁን ሰው ሁሉ እየሰማ ነጻለት፤ ግን እንዳሰበው ደስ አላለውም። ይልቅ አዘነ። እህቱ ይህን ሰው እስከ ዛሬ ለምን እንዳልተወችውም ገና አሁን ገባው።

ሊለያዩ ሲሉ ሻይ ቀረበ። አዋላጇ ለሁለቱ አዲስ መጪዎች ደንቡን ተናገረች።

«እዚህ የሰማነው እዚሁ ይቀራል። ማን ጠጪ፣ ማን ሸኚ እንደሆነ ውጭ አይወራም።»

አሠልጣኙ ክው አለ። ነገ መድኃኒት ቤት ሄዶ የሚናገረውን በልቡ ደርድሮ ጨርሶ ነበር።

«እና እኔ ሰካራም እንደተባልኩ ልቅር?»

«እሳቸው ራሳቸው መናገር እስኪችሉ ድረስ፣ አዎ።»

ምላጭ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል። «ጋሼ፣ ነገ እኔ ሄጄ...» ብሎ ጀመረ። ሊጨርሰው አልቻለም።

«ተወው» አለ አሠልጣኙ። «ሰካራም መባሌ ካልቀረ፣ ሐሙስ ሐሙስ እኔም አልቀርም።»

ምላጭ ብርጭቆውን አስቀመጠና ሰው ሁሉ እያየው አለቀሰ።