የድሪቶው ገበር

ገበያነሽ ድሪቶ ልስፋ ብላ የተነሣችው ዝናቡ ዲላ ላይ ጠዋት ማታ መውረድ በጀመረበት ሰሞን ነው። ልጇ ሀሴት ሰባት ወሯን ይዛለች። ብርድ ልብስ ሲያለብሷት በእግሯ ገፍታ ትጥላለች፤ ሲበርዳት ደግሞ ለቅሶዋ ግቢውን ያናጋዋል። ገበያነሽ ወናጎ ስታድግ እናቷ ከአሮጌ ልብስ የምትሰፋው ድሪቶ ነበረ፤ ልጅ በእግሩ ሊገፋው ቢሞክር ክብደቱ እሺ አይልም። እንዲያ ያለ ይሁን አለችና የባሏን የእንድርያስን ጉልበታቸው ያለቀ ሱሪዎች፣ የራሷን የድሮ ቀሚሶች፣ እጅጌው የተተረተረ ሹራብ ሳይቀር ሰብስባ ቆራረጠችና፣ ልጅቷ ስታድግም እንዲበቃት በአልጋ ልክ አድርጋ ሳሎኑ ወለል ላይ ዘረጋችው።

ገበያ ያለው ልብስ ሰፊ ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ። «ይሄን መኪናዬ ውስጥ ከከተትኩት መርፌዬን ይሰብረዋል» አላት። ስለዚህ በእጅ ሆነ። እንድርያስ ከሚሠራበት የቡና መጋዘን ጆንያ የሚሰፋበትን ረጅም መርፌ አመጣላት። ጠዋት ልጇን አጥባ፣ ውኃ ቀድታ፣ ምሳ ጥዳ፣ የሽሮ እህሉን ወፍጮ ቤት አድርሳ ስትመለስ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች። ጥቂት ሰፍታ ተነሥታ ድስቱን ታማስላለች፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ልጅቷ ትነቃለች። መርፌው ጣቷን በሳስቶ ጨርሶታል፤ እሷ ግን ደስ ብሏታል።

ደስታው ለልጅቷ ብቻ አልነበረም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ለአማቷም ነበር። እማማ አሰገደች የእንድርያስ እናት ናቸው። በወጣትነታቸው ከቡልጋ መጥተው፣ ዲላ ላይ ሱቅ ከፍተው፣ ልጆች አሳድገው ድረዋል፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ማንም እንዲያ አይላቸውም። ግን ያያሉ። ገበያነሽ ወጥ ስታማስል ያያሉ፣ ስትጠርግ ያያሉ፣ ልብስ ስታሰጣ ያያሉ፤ አይተውም ዝም ይላሉ። እንደሱ ያለውን ዝምታ የሚችል ይቻለው! አንድ ቀን እንኳ «እጅሽ ይባረክ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። ያቺን ቃል ብታገኝ በዚያ ቤት እንግዳ መሆኗ የሚያበቃ ይመስላት ነበር።

እማማ ይርጋጨፌ ሴት ልጃቸው ዘንድ በሄዱበት ሳምንት ድሪቶው ገበር ብቻ ቀረውና ሥራው ቆመ። ገበያነሽ ሀሴትን አዝላ፣ ጥላ ይዛ ገበያውን ዞረች። ደህና አቡጀዲ አልቋል፤ ያለው ስስና የሚያንሸራትት ነገር ነው። ጭቃ ተለቅልቃ ባዶ እጇን ቤት እንደገባች ስልኳ ጮኸ። እማማ ናቸው። «ፀሐይ ብቅ ስትል ሳጥኔን ክፈቺና ልብሶቼን አስጪልኝ፤ ዝናቡ ሻጋታ እንዳያመጣብኝ» አሏት። ቁልፉ ትራሳቸው ሥር ነበር።

በማግስቱ ልብሶቹን አንድ በአንድ ስታወጣ ከሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ጨርቅ አገኘች። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ ማንም ያልነካው፣ ቢዘረጋ ከአልጋ የሚያልፍ። ሀሴት የተወለደች ጊዜ እማማ «ለዚች ልጅ የሚሆን ነገር ሳጥኔ ውስጥ አለኝ» ማለታቸው ትዝ አላት። ነገሩ ይሄ ነዋ! ደውላ ልትጠይቃቸው ስልኩን አንሥታ ነበር፤ መጥተው ድንገት ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን የሚለው ጉጉት አሸነፋትና መልሳ አስቀመጠችው።

እዚህ ላይ ገበያነሽን የሚወቅስ ካለ ቀስ ይበል። የጌዴኦ ልጅ፣ ያውም የፕሮቴስታንት ቤት ልጅ ናት። ስታገባ የባሏን ሃይማኖት ይዛለች፤ ጾሙንም ስግደቱንም ለምዳዋለች። ያልነገሯትን ግን ከየት ታምጣው?

ጨርቁን በድሪቶው ልክ ቆረጠች። ከጫፉ የተረፈውን ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ጨርቅ ይጣላል እንዴ ብላ፣ ለልጅቷ የሽንት ጨርቅ አደረገችው። ጎረቤቷ ሙሉዓለም ለጨው ብቅ ብላ ያለቀውን ድሪቶ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይ አንቺ! ይሄ እኮ ሙሽራም ቢለብሰው ያምርበታል» አለቻት።

እማማ አሰገደች ቅዳሜ ከምሳ በፊት ከባጃጅ ወረዱ። ሰማዩ ጠርቶ ነበር፤ ሀሴት በረንዳው ላይ ድሪቶው መሐል ተኝታ እግሯን ታንፈራግጣለች። ገበያነሽ ሻንጣቸውን ተቀበለቻቸው፤ ጉልበታቸውን ሳመች። እማማ በርጩማ ስበው ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጡ። ዓይናቸው ድሪቶው ላይ ዋለ። ጣታቸውን ስፌቱ ላይ እየጎተቱ ብዙ ቆዩ።

«ማነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«በእጅሽ?»

«በእጄ።»

እማማ ቀና ብለው አዩዋት። «እጅሽ ይባረክ» አሉ።

ገበያነሽ ዓይኗ እንባ ሞላ። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል በረንዳ ላይ፣ እንደ ዋዛ፣ ከባጃጁ ጭስ ጋር መጣላት። ቀሚሷን ስታስተካክል እማማ ስፌት የሚያውቅ ሰው እንደሚያደርገው የድሪቶውን ጫፍ ገልበጥ አድርገው ገበሩን ለማየት ጎንበስ አሉ።

ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?» ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም።

«ከሳጥንዎ ነው እማማ። ለልጅቷ ያሉት... ላስደስትዎት ብዬ...»

«የቀረውስ?»

ገበያነሽ አሁንም አልገባትም። እያፈረች፣ ግን ቁጠባዋን እንዲያዩላት እየፈለገች፣ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ በእጇ ጠቆመች። የሽንት ጨርቆቹ ነጫጭ ሆነው ተደርድረዋል። አንዱ ደግሞ ያን ጊዜ ራሱ ሀሴት ላይ ነበር።

እማማ አሰገደች ከበርጩማው ላይ ተንሸራተው መሬት ተቀመጡ። «መግነዜን!» አሉ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ከዚያ ግቢው ተናወጠ። «መግነዜን! የምቀበርበትን! ሕፃኗን በመግነዜ ጠቀለለችልኝ! ኧረ እመብርሃን፣ ኧረ ድረሽልኝ!»

ሙሉዓለም በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። ነገሩን የሰማች ጊዜ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «መግነዝ ምንድነው?» አለቻት ገበያነሽ፤ ቃሉን ለቅሶ ቤት ሰምታው ታውቃለች፣ ግን በዚያች ቅጽበት ትርጉሙ ጠፋባት። «አስከሬን የሚገነዝበት ነው እንጂ! አሮጊቶች እኮ በቁማቸው አዘጋጅተው ያስቀምጡታል። አልነገሩሽም?» አለች ሙሉዓለም።

አልነገሯትም። ገበያነሽ ልጇን ከድሪቶው ላይ መነጨቀቻት። የሽንት ጨርቁን ፈታ ወረወረችው፤ ልጅቷ ደነገጠችና ደረቷ ላይ ሸናችባት። ሞት እንደ ሽታ የሚይዝ ይመስል ልጇን በቀሚሷ ጠራርጋ፣ ግንባሯን ዳብሳ፣ ትንፋሿን አዳመጠች። ሀሴት ምንም አልሆነችም። ገበያነሽ ግን ልጇን ታቅፋ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች።

እንድርያስ ለምሳ ሲመጣ እናቱን መሬት፣ ሚስቱን ግድግዳ ሥር አገኛቸው። ሲነግሩት መጀመሪያ ሳቅ አፈነው፤ የእናቱን ፊት ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «እማዬ፣ አዲስ አቡጀዲ አመጣልሻለሁ። ካዋሳም ቢሆን» አለ።

«ግሸንንም ታመጣልኛለህ?» አሉት። «ጨርቁን ተሸክሜ ተራራውን የወጣሁት፣ ጠበል ያስረጨሁት እኮ ጉልበት እያለኝ ነው። አሁን ከበሩ እስከ ባጃጁ የምደርሰው ተደግፌ ነው። እዚያ ማን ይወስደኛል?» ከዚያ ከኪሳቸው ትንሽ የብር አምባር አወጡና ድሪቶው ላይ ጣሉት። «ለልጅቷ ያልኩሽ ይሄ ነበር። ይርጋጨፌ አንጥረኛ ዘንድ ወስጄ አስጠበብኩት» አሏት፤ ተደግፈው ተነሥተው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉት።

ምሳውን የበላ የለም። እንድርያስ ወደ ሥራው ተመለሰ። ገበያነሽ ወደ ወናጎ ልትላክ እንደምትችል አሰበች። ሀሴትን አስተኛችና ምላጭ ይዛ ድሪቶው ላይ ተቀመጠች። የሰፋችውን ሁሉ መልሳ መፍታት ጀመረች። ጨርቁ እንዳይነካ ክሩን ብቻ፣ በጥንቃቄ፣ ትንፋሿን ይዛ። ስትሰፋው መርፌ የበሳሳውን ጣቷን አሁን ደግሞ ምላጩ ቆረጠው። ደሟ ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ጣቷን እየጠባች ቀጠለች። ፈትታ ስትጨርስ አጣጥፋ፣ በሩን አንኳኩታ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ሰጠቻቸው።

እማማ ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዳበሱት። «ይበቃኛል?»

«አላውቅም፣ እማማ። ከጫፉ ቆርጬበታለሁ።»

«እንግዲያው ለኪኝ።»

ገበያነሽ የቀለዱ መሰላት። እማማ ግን ወደ ሳሎን ወጡ፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አስነጠፉ፤ ጨርቁን ከላዩ አስዘረጉት። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ ክንዷን ተደግፈው፣ ቀስ ብለው ጨርቁ ላይ ተጋደሙ። እግራቸውን አገጣጠሙ። እጃቸውን በጎናቸው አስተካከሉ። ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

«ከራሴ በላይ አንድ ክንድ ይትረፍ፤ የሚቋጠርበት ነው። ከእግሬ በታችም እንዲሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ገበያነሽ ተንበረከከች። በራሳቸው በኩል ክንዷን አጋድማ ለካች፤ ልክ ነው። በእግራቸው በኩል ዞረች። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል፤ የዚያች ቡልጋን ጥላ የመጣች፣ ግሸንን የወጣች ሴት እግር ይህ ነው። ለካች። «እዚህ ስንዝር ነው ያለው» አለች።

«ስንዝር ይበቃል። ጠበቅ አድርጎ መቋጠር ነው» አሉ እማማ። «ያን ዕለት አንቺ ቁሚ። የሚገንዙኝ ሴቶች ልኩን አያውቁም፤ አጠረ ብለው እንዳይጎትቱኝ። የእግሩን በኩል አንቺው ቋጥሪው።»

ገበያነሽ ከምሳ ወዲህ የፈራችው ከቤት መባረርን ነበር። አሁን የሰማችው ከዚያ የባሰ ሆነባት። ከፊቷ የተጋደሙት አገጫቸው ወደ ላይ የቀና፣ ከንፈራቸው የገረጣ አሮጊት አንድ ቀን በእውነት እንዲህ ሆነው ሊቀሩ ነው፤ ያን ጊዜ ጨርቁን የምትቋጥረው እሷ ናት። ይህንን እስከዚያች ሰዓት አስባው አታውቅም። ድንጋጤው ከደረቷ ፈንቅሎ ወጣ።

«ይነሱ እማማ! ይነሱ! አልችልም፣ ይነሱ!» እጃቸውን ይዛ እየጎተተች፣ ከጎናቸው ተደፍታ ጮኸች።

ሙሉዓለም ጩኸቱን ሰምታ በሩን በረገደችው። ያየችው እማማ አሰገደችን በነጭ ጨርቅ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምራታቸውን ደግሞ እላያቸው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ ነው። ሌላ ምን ታስብ? ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደገደገች፤ ደረቷን እየደቃች «ወዮ እማማ አሰገደች! ወዮ እናታችን!» ብላ ሙሾውን ለቀቀችው። የጎረቤት በሮች ሲከፈቱ ይሰማል።

እማማ አሰገደች ዓይናቸውን ገልጠው ቀና ብለው ተቀመጡ። ሙሉዓለም ቃሉ አፏ ውስጥ እንዳለ በርከክ አለች።

«ዝም በይ፣ ገና ነኝ!» አሏት። የገበያነሽን እጅ ግን አልለቀቁም፤ ወደ ጉያቸው ሳቡት። «ልጄን አስደነገጥሽብኝ እኮ። ይኸው እጇ ይንቀጠቀጣል።»