በወንበር የሚዘጋ ኦቭን

ብየዳ ቤት አብረውት የሚሠሩት «ሳይበርድ» ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ጣቶቹን አይተው ነው። የበየደውን ብረት ሳይበርድ ካልነካሁ ብሎ የሚሞት ሰው ስለሆነ፣ ጠባሳ የሌለበት ጣት ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። «ብረቱ አይሮጥ፣ ምን አስቸኮለህ?» ሲሉት «መያዙን ልየው ብዬ ነው» ይላል። እንዲሁ ልየው፣ ልየው እንዳለ ጎልማሳ ሆነ።

እንዲህ ያለ ሰው አንድ እሁድ በማለዳ ተነሥቶ በትንሽ እሳት ቀስ ብሎ የሚበስል ሥጋ ኦቭን ውስጥ እሠራለሁ አለ። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ?»

«እኔ።»

«ሥጋውን እግዜር ይርዳው» አለችና ወደ ክሯ ተመለሰች።

አፏ ይቀልድ እንጂ ልቧ አልቀለደም። ሁለቱም ያውቁታል፤ እናቱ ዓይናቸው እያየ እየመነመነች ነው።

እናቱ በሥራ ዘመኗ ስልክ ቤት ተቀምጣ የሰው መስመር ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። ድምፅዋ የጠራ፣ ጨዋታዋ የማይጠገብ ነበረች፤ ሥጋ ደግሞ ነፍሷ ነው። ጥርሶቿ ተራ በተራ ሲሰናበቷት «ይሂዱ፣ ብዙ አገልግለውኛል» እያለች ትስቅ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሲወጡ ግን ሳቁም አብሮ ወጣ። ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠሩላት፤ ድዷን አቆሰለው። «የሰው ዕቃ በአደራ አፌ ውስጥ ያስቀመጥኩ ይመስለኛል» ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ አንድ የዘመድ ግብዣ ላይ የጎረሰችው ሥጋ አልላም አላት። ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ እሷ ያችኑ ጉርሻ ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ስታመላልስ ቆየች። በመጨረሻ በሶፍት አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትሸሽግ፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት አይታ ፊቷን አዞረች። በቃ፣ ይኸው ነው። ክፉ ቃል የተናገራት ሰው የለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ምግቧን በክፍሏ አደረገች። ሾርባ ይገባላታል፣ ግማሹ ተመልሶ ይወጣል። ስታወራም አፏን በእጇ ትከልላለች። ምራቷ ቀሚሷን ሁለቴ አጥብባላታለች። ባለፈው ሰሞን እንደገና መርፌ ይዛ ቀረበችና፣ የአማቷን ጎን ስትዳስስ አጥንቱን አገኘችው። መርፌውን ትራሱ ላይ ሰክታ ወጣች። ለባሏም፣ «እኔ የእማማን ቀሚስ ከእንግዲህ አልነካም። ወይ አንተ አንድ ነገር አድርግ፣ ወይ እኔ ቁጭ ብዬ ላልቅስ» አለችው።

መላው የተገኘው ከአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ነው። ሳይበርድ የመስኮት ፍርግርግ ሊገጥም ሄዶ ሳለ፣ ምግብ አብሳዩ ለሠራተኞቹ ምሳ ሲያወጣ አየ። ቢላ አልያዘም። ሥጋውን በማንኪያ እየቆረሰ ነበር ሳህን ላይ የሚያደርገው። ሳይበርድ መሰላሉን ትቶ ወረደ።

«ምን አድርገኸው ነው?»

«ምንም። ጊዜ ሰጥቼው ነው» አለ አብሳዩ። «ወርች ግዛ፣ ጅማት ያለበትን። ዙሪያውን እያገላበጥክ በዘይት ጥበሰው፤ ቀላ ሲል ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል ጨምርበት። ትኩስ መረቅ እስከ ወገቡ አፍስስበት። ከድነህ በትንሽ እሳት ኦቭን ውስጥ ክተተውና እርሳው።»

«እንዴት አድርጌ ነው የምረሳው?»

«ያንተ ጉዳይ ነው። ብቻ ቸኩለህ እሳት ጨመርክበት ማለት ጫማ ሠራህ ማለት ነው።»

እናቱን ማግባባቱ ከሥጋው የከፋ ነበር። ስንት ተለምና፣ በመጨረሻ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች፣ «አንዴ እሞክርልሃለሁ» አለችው። «እንደዚያ ቀን ከሆነ ግን ሁለተኛ ለገበታ አትጥሩኝ፣ ልጄ። እዚያው በክፍሌ ተዉኝ።» ቃሏን እንደማታጥፍ ያውቃል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ አንድ ድስት ላይ ወደቀ።

ሥጋውን አብሳዩ እንዳለው አሰናዳ። ሽንኩርቱ አስለቀሰው፣ ዘይቱም ሁለት ጊዜ ፈነጠቀበት፣ ለእሱ ግን ይኼ ብርቅ አይደለም። ከባዱን የብረት ድስት ከድኖ ኦቭን ውስጥ አስገባ። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። የሰውን በር ሲያቀና የሚውለው ሰውዬ፣ የራሱ ቤት ኦቭን በር አይገጥምለትም። የበሩ ሞላ ላልቷል፤ ካልደገፉት ቀስ እያለ ያዛጋል። «ነገ እሠራዋለሁ» ማለት ከጀመረ ዓመት አልፎታል፣ ያች ነገ የምትባል ቀን ግን እስካሁን አልመጣችም።

በፕላስቲክ ወንበር ቢደግፈው ወለሉ ላይ ተንሸራተተ። ቤቱ ውስጥ አልንቀሳቀስ የሚል ዕቃ አንድ ብቻ ነው፣ የእናቱ ወንበር። ጉልበቷ ከዝቅተኛ ወንበር አልነሣ ብሏት ስለነበር፣ እሱ ራሱ ከብረት በይዶ፣ ከፍ አድርጎ፣ ወፍራም ስፖንጅ አልብሶ የሠራላት ነው። ከገበታው ራስጌ ባዶውን ከቆመ ሰንብቷል። ጎትቶ አመጣና መደገፊያውን ከኦቭኑ በር ጋር አጣበቀው። በሩ ግጥም አለ። ለምሳ ስትወጣ እመልሰዋለሁ ብሎ ተወው።

አሁን የቀረው መርሳት ነው። ሳይበርድ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሲንቆራጠጥ ሚስቱ ከስፌት ክፍሏ ጠራችው።

«ና፣ የዚህን ሱሪ ስፌት ፍታልኝ። እጅህ ሥራ ካላገኘ ክዳኑን መክፈቱ አይቀርም።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትይኝ ነው?»

«እንቁላሉስ ይሂድ፣ አንተ ብቻ ቁጭ በል።»

ተቀመጠና ስፌት ይፈታ ጀመር።

ረፋዱ ላይ ታላቅ እህቱ መጣች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ እንኳን ፀጉር ሰውም ቀጥ ታደርጋለች። የእናቷን ፀጉር ለምሳው ልታበጅ ነው የመጣችው። ያመጣችውን ፍራፍሬ ለማስቀመጥ ወጥ ቤት ብትገባ፣ የእናቷ ወንበር ከኦቭን ጋር ተፋጦ ቆሟል። ደሟ ፈላ። ገና እናቴ በሕይወት እያለች ወንበሯን የዕቃ መደገፊያ አደረጉት ብላ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ወንበሩን እየጎተተች ወሰደችና ከገበታው ራስጌ አቆመችው። በጨርቅም ወለወለችው። ከዚያ እናቷ ክፍል ገብታ ማበጠሪያዋን አወጣች።

ሳይበርድ የወንበሩን ድምፅ ሰምቷል፤ ገበታ እያሰናዳች ነው ብሎ አለፈው። ብዙም ሳይቆይ ሽታው ቤቱን ሞላው። ሽንኩርቱ፣ ሥጋው፣ የጥብስ ቅጠሉ ተደባልቆ እስከ ስፌት ክፍሉ መጣ።

«ይሸትሻል?» አለ ሚስቱን፣ ፊቱ በርቶ። «ይኸው ሳልነካው ደረሰልኝ!»

ምስኪን። ሽታው እንዲያ የሞላው የኦቭኑ በር አፉን ከፍቶ ስለነበር ነው።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ማንኪያ ይዞ ገባና በሩን አየ። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ፤ ለብ ብሏል። ክዳኑን ከፍቶ ማንኪያውን ሥጋው ላይ ቢጫነው ነጥሮ ተመለሰለት። እንደገና ሞከረ። ሥጋው እንደ መኪና ጎማ እምቢ አለ።

«ማነው ወንበሩን ያነሣው?»

«እኔ ነኛ!» እህቱ ማበጠሪያዋን እንደያዘች መጣች። «የእናቴ ወንበር የኦቭን ባላ ነው እንዴ?»

«እታለም፣ በሩ እኮ በሱ ነበር የተዘጋው!»

እህቱ በሩን አየች፣ ሥጋውን አየች፣ ቀጥ የማድረግ ችሎታዋ ከዳት። ሚስቱ ሮጣ መጥታ በሩን በጉልበቷ ደግፋ ዘጋችው። ሳይበርድ እሳቱን እስከ መጨረሻው ሊያዞረው እጁን ዘረጋ።

«ተው!» አለች ሚስቱ። «ጫማ ልታበላን ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ለብሳ እየጠበቀች ነው!»

«እንፍጨው» አለች እህቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ፈጭተን እናቅርብላት። ምን ታውቃለች?»

«ታውቃለች» አለ አንድ ድምፅ ከኋላቸው።

እናትዮዋ በሩ ላይ ቆማለች። ፀጉሯ ተበጥሯል፣ ሁለቴ የጠበበውን ቀሚሷን ለብሳለች፣ እጇ አፏ ላይ ነው። ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸውና ወደ ክፍሏ ልትመለስ ዞረች።

ሳይበርድ ማንኪያውን ጣለ። «እማዬ፣ እንዳትሄጂ። አልበሰለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ በሩን ድሮ መሥራት ነበረብኝ። ግን እንዳትሄጂ። ሾርባ ይዤልሽ ስገባ ለብቻሽ ወደ ግድግዳው ዞረሽ ሳይሽ ሳህኑን አስቀምጬ እሸሻለሁ። ገበታው ላይ አንቺ ሳትኖሪ እህል አይወርድልኝም።»

እናትዮዋ ቆመች። እንዲህ ያለ ነገር ከልጇ አፍ ሰምታ አታውቅም፤ እሱም ተናግሮ አያውቅም። ቀስ ብላ ገባችና በጉልበቷ ኦቭኑን ይዛ የቆመችውን ምራቷን አየች።

«አንቺ ልጅ እስከ መቼ በአንድ እግርሽ ትቆሚያለሽ?»

«እስኪበስል ድረስ፣ እማማ። እርስዎ ብቻ ይቆዩልን።»

«ወንበሬን አምጡልኝ።»

«ገበታው ጋ አድርጌልሻለሁ፣ እማዬ» አለች ልጇ።

«የት እንዳለ መች ጠየቅኩሽ? አምጡልኝ ነው ያልኩት።»

አመጡላት። ጀርባውን ለኦቭኑ በር አስደግፋ፣ በመካከሉ የታጠፈ ብርድ ልብስ አስገብታ ተቀመጠችበት። በሩ ግጥም አለ።

«እንግዲህ ይብሰል» አለች። «ወገቤም ሙቀት ሲፈልግ ነበር።»

እሷ እዚያ ከተቀመጠች ማን ሳሎን ይሄዳል? የፕላስቲክ ወንበሮቹ መጡ፣ ሻይ ተፈላ፣ እህትየዋ ብርቱካን ላጠች። የወጥ ቤቱ መስኮት በላብ ተሸፈነ። ሳይበርድ ጥቂት ቆይቶ ብድግ አለ።

«እማዬ፣ አንዴ ልየው?»

«እኔን አስነሥተህ? ቁጭ በል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እያልኩ አሳደግኩህ፣ አንተ ግን ታፈሳለህ እንጂ መች ትለቅማለህ?»

ሳቁበት። ሳቁ ወሬ አመጣ፣ ወሬው የስልክ ቤቱን ዘመን አመጣ። ወዳጁን ሊያነጋግር መስመር የጠየቀ አንድ ደንበኛ ነበር አለች፤ ሲያወራ ጩኸቱ ጣራ ይነቅላል። «ጌታዬ፣ አልኩት፣ እንዲህ ከሆነስ ለምን በስልክ ይደክማሉ? መስኮቱን ከፍተው ይጥሩት!» ጩኸታሙን ሰውዬ ለማስመሰል ሁለት እጆቿን አነሣች። ሲመለሱ ጭኗ ላይ አረፉ፣ አፏን የከለለ እጅ አልነበረም። ሳይበርድ ይህን አየ፤ ማየቱን እንዳታውቅበት ወደ ብርቱካኑ ልጣጭ አጎነበሰ። እንባው መጥቶ ነበር። ሥጋው ቢቀርስ ብሎም አሰበ፤ ግን ቃሏን አስታወሰና ደስታውን ያዝ አደረገው። ጉርሻው ገና ነው።

ጥላው ረዘመ፣ ወሬው ቀዘቀዘ፣ ማንም ግን አልተነሣም። ፀሐይ ልትገባ ስትል እናትዮዋ ራሷ ብድግ አለች።

«አሁን ይታይ።»

ሳይበርድ ድስቱን አወጣና ማንኪያውን ለእሷ ሰጣት። ሥጋው ላይ አኖረችው እንጂ አልተጫነችውም፤ ማንኪያው በራሱ ክብደት ሰጠመ። ትንሽ ቆርሳ፣ ከመረቁ ጨምራ፣ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ጎረሰች። በዚያች ቅጽበት ሦስቱም ሰዎች በየሳህናቸው ላይ ብርቱ ጉዳይ አገኙ። ሳይበርድ ግን ሳይበርድ ነው፣ ልየው አለ፤ በጎን ሰረቅ አድርጎ አያት። አገጯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ። የጨርቅ መሐረቧ ጭኗ ላይ ነበር፣ እጇ ወደዚያ የሄደ መሰለው።  ከዚያ ጉርሻዋ በጉሮሮዋ ስትወርድ አየ።

«እዚህ ቤት ዳቦ የሚባል ነገር ጠፋ?» አለች እናትዮዋ። «ይህን መረቅ በምን ልጥረገው?»

ምራቷ ዳቦ ላምጣ ብላ ወጣችና ለመመለስ ትንሽ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሳይበርድ ከሥራ ሲመለስ አዲስ ሞላ ገዝቶ መጣ። መፍቻዎቹን ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘርግቶ፣ ኦቭኑ ፊት ተንበርክኮ ብሎኑን መፍታት እንደጀመረ እናቱ ከክፍሏ ወጣች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«በሩን ልሠራው ነዋ። ይኸው ነገ መጣች፣ እማዬ።»

እናቱ በሩን አየች፤ ከዚያም አጠገቡ የቆመውን ወንበሯን አየች።

«ታዲያ ነገ እሁድ እኔ የት ልቀመጥ ነው?»

ሳይበርድ ብሎኑን መልሶ አጠበቀ። መፍቻዎቹን ሰብስቦ አዲሱን ሞላ ከነመጠቅለያው መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ከተተ።

«ሌላ ጊዜ እሠራዋለሁ» አለ።