ስድስት ፎቶ፣ አንድ ቆብ

ቆቡን ያስተዋልኩት ፎቶውን በገዛ እጄ ከሰጠሁ ከስድስት ቀን በኋላ ነው።

የከተማችን የፖሊስ አዛዥ ጎርዲ ስካር ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ፣ የጫማውን በረዶ እንኳን ሳያራግፍ፣ "አርሊስ፣ የልጅሽ የላይል ጥሩ ፎቶ ይኖርሻል?" አለኝ። እኔ ፖሊስ በሬን ሲያንኳኳ የሚታየኝ ልጄ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ነው።

"ሞተ?" አልኩት።

"ኧረ አልሞተም።"

በደስታ ብዛት፣ ፎቶውን ለምን እንደሚፈልግ ሳልጠይቅ፣ ካለኝ ሁሉ የሚያምረውን አውጥቼ ሰጠሁት። ላይል ባለፈው ዓመት አጋዘን የጣለ ቀን የተነሳው ነው። ረጅም፣ ፀሐይ አይኑን ያስጨፈነው፣ ራሱ ላይ ብርቱካናማ የአደን ቆብ።

ከዚያ ሦስት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ፣ ብርቱካናማ ቆብ ያደረገ ረጅም ሰው ወደ ቬርና ሎከን መደብር ገብቶ፣ እሷን ገፍትሮ፣ የመሳቢያውን ገንዘብና ሁለት ቢላ ይዞ ወጥቷል። ቬርና የአደንና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ነው የምትሸጠው። ቀኑ ደግሞ የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቅዳሜ ነበር፤ አደን የሚወጣ ሁሉ ከሩቅ እንዲታይ ብርቱካናማ ያደርጋል። በዚያ ቅዳሜ በእኛ አውራጃ ብርቱካናማ ቆብ ያላደረገ ወንድ ከተገኘ መጠርጠር የነበረበት እሱ ነው። ጎርዲ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይገባውም። የገባው፣ እኔና ላይል በነሐሴ ከወንዝ ማዶ የመጣን አዲስ ሰዎች መሆናችን ነው። ልጄ ሌሊት ዶሮ እርባታ ሠርቶ ቀን ይተኛል። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አረጋውያን ማቆያው ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ ተኝቶ እንደነበር የሚመሰክርለት ትራሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ ቬርና ፎቶ አይታ ለየችው። ሐሙስ አሰሩት። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው፤ ቢላዎቹ ስላሉበት በመሣሪያ ለተፈጸመ ዝርፊያ ሰባት ዓመት ሊፈረድበት ይችላል አሉኝ። ሰባት ዓመት ሲሉኝ እኔ አሥራ አራት ሰማሁ።

ሰኞ መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ አስጠራችኝ። ጆሊን ቤልኩር ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ቢሮዋ የቁም ሣጥን ያህል ነው። ቬርና ያየችውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። ስድስት ፎቶ፣ በሁለት ረድፍ።

"እነዚህን ሰዎች ያውቋቸዋል?" አለችኝ።

ልጄን አየሁ። ቆቡን አየሁ። አምስቱ ባዶ ራሳቸውን ናቸው።

"ይሄንን ባለቆብ ፎቶ እኮ እኔ ነኝ ለጎርዲ የሰጠሁት" አልኳት።

"እሱ ይቆየን። ሌሎቹንስ?"

ሌሎቹንማ ማን የማያውቃቸው አለ? የከተማችን የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች በየዓመቱ የራሳቸውን ፎቶ፣ አንዳንዱንም ያለ ሸሚዝ፣ የያዘ ካላንደር እያሳተሙ ይሸጣሉ፤ ገንዘቡ ለቱቦ መግዣ ነው። እኔም ቤቴ ሲቃጠል ዘግይተው እንዳይደርሱ ብዬ ገዝቻለሁ። ጎርዲ ከካላንደሩ ጥር፣ መጋቢት፣ ግንቦት፣ ሰኔና መስከረምን ቆርጦ ልጄን መሃል አስገብቷል።

"ቬርና ካላንደሩን ገዝታለች?" አለች፣ ይህን ስነግራት።

"ከገንዘብ መሳቢያው በላይ ሰቅላዋለች" አልኳት።

ቤልኩር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎኝ ልጄ አለቀለት አልኩ። እየሳቀች ነበር።

ከዚያ ጎርዲ ራሱ የቀረጸውን ድምፅ አሰማችኝ። ሕጉ ይቀረጽ ስለሚል ቀርጿል፤ ሕጉ የሚለውን ሌላውን ግን ያነበበው አይመስልም።

"ቬርና፣ ሰውየውን ሳናገኘው አልቀረንም። እስቲ እዪልን።"

"ይሄ ካርል አይደለም እንዴ? ሸሚዙን የት ጣለው?"

"ካርልን ተዪው።"

"ይሄ የእህቴ ልጅ ነው፣ ይሄ ጓደኛው።"

"እነሱንም ተዪያቸው። ታችኛውን ረድፍ በደንብ እዪ።"

"ይሄ የትምህርት ቤቱ ሹፌር ነው፣ ይሄ ባለፀጉር ቤቱ... እንግዲህ የቀረው ይሄ ባለቆቡ ነው።"

"እሱ ነው?"

"ሌላ ማንን ልበል ጎርዲ?"

"ጎበዝ። እኛም የጠረጠርነው እሱን ነው።"

መዝገቡ ላይ ደግሞ "ምስክሯ ያለ ምንም ማመንታት ለየች" ብሎ ጽፏል።

"እንዴት ነበር መደረግ ያለበት?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ሁሉም ቬርና ካየችው ሰው መልክ ጋር የሚመሳሰሉና የማታውቃቸው መሆን አለባቸው። ቆብ ከሆነ ለሁሉም ቆብ፣ ካልሆነ ለማንም። የሚያሳያት ደግሞ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ፖሊስ። አስቀድሞ 'ሰውየው እዚህ ውስጥ ላይኖር ይችላል' ይላታል። ከመረጠች በኋላ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ እሷ ያለችውን እንዳለችው ይጽፋል።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

እኔ እንኳን የኬክ አሠራር አንብቤ ከዚህ የሚከብድ እጋግራለሁ።

ቤቴ ገብቼ ወጥ ቤት ቁጭ ስል ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ቀና ብዬ አየሁ። ወሩ ኅዳር ነው። የኅዳሩ ሰውዬ የሞተ አጋዘን ቀንድ ይዞ፣ ብርቱካናማ ቆብ አድርጎ፣ ቁልቁል ያየኛል። ጎርዲ ስካር። እሱም በጎ ፈቃደኛ ነዋ። አምስት ወር ሲቆርጥ የራሱን ወር ዘሎታል።

በነጋታው ካላንደሩን አቅፌ ለቤልኩር ወሰድኩላት። "ይሄን በማምጣቴ ያስሩኝ ይሆን?" አልኳት፣ ለማንኛውም ጥርስ ብሩሼን በቦርሳዬ ይዤ ነበር።

ቤልኩር የልጄን ፎቶ አውጥታ በቦታው ጎርዲን አስገባች። አምስቱ እንዳሉ ቀሩ። ጡረታ የወጡ አንድ መርማሪ ወረቀቱን ይዘው አጎራባች አውራጃ፣ ጎርዲን ማንም ወደማያውቅበት ቤተ ክርስቲያን፣ የዓሣ እራት ላይ ሄዱ። እኔም ጥግ ይዤ ድንችና ዓሣ እያኘክሁ አየሁ። መርማሪው ለሠላሳ ሰው አንድ በአንድ "አንድ ረጅም፣ ብርቱካናማ ቆብ ያደረገ ሰው መደብር ዘርፏል። ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል" እያሉ ጠየቁ። ዝርፊያውን አንዱም አላየም።

ሃያ ስድስቱ ጎርዲን መረጡ። አንዲት አሮጊትማ ጣታቸውን አፍንጫው ላይ ተክለው፣ "ይሄ ነው። አይኑን አታየውም? ገና በልጅነቱ ነው የጀመረው" አሉ።

በችሎቱ ቀን ዳኛዋ ሁለቱንም ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጎርዲን ቀና ብለው አዩት።

"አዛዥ ስካር፣ ያን ቅዳሜ የት ነበሩ?"

"አደን ላይ፣ ክብርት ዳኛ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

"የሚመሰክር የለም ማለት ነው።"

ጎርዲ አንገቱ ቀላ። "ክብርት ዳኛ፣ እኔ እኮ ፖሊስ ነኝ።"

"እሱን ሃያ ስድስቱ ሰዎች አላወቁም" አሉት።

የቬርና ምርጫ ለማስረጃነት እንዳይቀርብ አዘዙ። አቃቤ ሕጉ ከዚያ ሌላ ምንም ስላልነበረው ክሱን አነሳ። ልጄ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ተፈታ። ስድስት ኪሎ ቀንሷል፣ ዶሮ እርባታውም በቦታው ሌላ ሰው ቀጥሯል። ጎርዲ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ፎቶዬን መልስ ብለው "ማስረጃ ነው" አለኝ።

የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቬርና ትጠብቀኝ ነበር። ክንዷ ላይ ሰውየው የገፈተራት ቦታ እስካሁን ቢጫ ነው።

"አርሊስ፣ ልጅሽን አልጠላውም" አለችኝ። "ግን እሱ ነው። አይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ የሱ ፊት ነው።"

"ፎቶውን ከማየትሽ በፊትስ ማን ነበር የሚመጣብሽ?"

አሰበች። ቬርና ክፉ ሴት አይደለችም፤ የእውነቷን አሰበች።

"ከዚያ በፊት ቆብ ብቻ ነበር" አለች። ቀጥላም፣ "እሱ ነው ግን" ብላኝ ወደ መኪናዋ ሄደች።

ዳኛ ወረቀት ላይ ያለውን ትሰርዛለች። ቬርና ጭንቅላት ውስጥ ጎርዲ የለጠፈውን ማን ይነቅለዋል? ቬርና ደግሞ የአጎት ልጆች አሏት፣ የአጎት ልጆቿ ጠመንጃ አላቸው፣ እውነተኛው ሌባም ሁለት ቢላ ይዞ አለ።

ቤት እንደገባን ላይል ቆቡን በር አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለው። የሚያቃጥለው መስሎኝ ነበር።

"ነገ ልታደርገው ነው?" አልኩት።

"ካላደረግኩት እኮ አዳኞቹ አጋዘን መስያቸው ይተኩሱብኛል፣ እማዬ።"

"ካደረግከውስ?"

ሾርባውን ጠጣ።

እዚህ አገር ማንም በሩን አይቆልፍም፤ እኔም ጎረቤት እንዳይቀየመኝ ብዬ ከነሐሴ ጀምሮ ቆልፌ አላውቅም። ያን ማታ ልቆልፍ ስል ቁልፉ ዝጎ እምቢ አለኝ። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አድርጌበት፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ እስኪዞር ታገልኩት። ዞረ።