የሥራ ሰዓት ድምፅ

የአምቡላንስ ጥሪ ከሚቀበሉት ሃያ ሰዎች መካከል እንደሷ የደዋይ ልብ የሚያረጋጋ አልነበረም። ባልደረቦቿ «ሽሮፕ» ይሏታል። ደዋዩ ቢጮህ፣ ቢሳደብ፣ ስልኩን ይዞ ቢያለቅስ፣ እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አይዞዎት፣ አብሬዎት ነኝ» ትላለች። ሰውየው ይተነፍሳል። እሷ ግን አትተነፍስም። የልብስ ስፌት መኪና የምትረግጥ ይመስል እግሯ ከጠረጴዛው ሥር ሲወርድ ሲወጣ ይውላል፤ ጥፍሯ ተበልቶ አልቋል፤ ጨጓራዋ እሳት ነው።

ሐኪም ዘንድ ሄዳ «ጭንቀት ነው» ስትባል፣ የተጨነቁትማ የሚደውሉልኝ ናቸው፣ እኔ የማነሳው ነኝ ብላ ስቃ ወጣች። መሥሪያ ቤቱም አንድ ባለሙያ አስመጥቶ ነበር፤ ሰውየው ሥራችሁን ደጃፍ ላይ አራግፋችሁ ወደ ቤት ግቡ እያለ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማረ። መገኘቷን ፈርማ ሄደች። ማራገፉንስ አራገፈች፤ አባቷ ላይ።

የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ የሚባለው ለእንደሷ ዓይነቱ ነው። አባቷ ጡረታ የወጣ አናጺ ሲሆን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ጋር ይኖራል። ጥፋቱ ወሬ መውደዱ ብቻ ነው። ገና በሩን ሳትዘጋ እንዴት ዋልሽ፣ ምን ገጠመሽ ይላታል፤ እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ጩኸት ስትሰማ ውላ አንዲት ቃል ስትጨመርባት ትፈነዳለች። አንድ ቀን መነጽሩ የት እንዳለ ጠፍቶት ሥራ ቦታ ደወለላት። ቤት ስትመለስ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸችበት። ምን እንዳለችው በማግስቱ እንኳ አላስታወሰችም። አባት ግን ከዚያ ወዲህ አልደወለም፤ እሷም እፎይ አለች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የቀኑን አሥራ አንደኛ ጥሪ አነሳች።

«እንደምን አደራችሁ» አለ ደዋዩ። «ደረቴን ትንሽ ያዝ አድርጎኛል።»

አባቷ ነው።  ጣቶቿ ሥራቸውን ያውቃሉና፣ እሱ ሳይናገር አድራሻውን ጽፈው አምቡላንሱን አስነሡ። ስምንት ደቂቃ ይላል ኮምፒውተሩ። «አባዬ» ልትል አፏን ስትከፍት ፍርሃት ያዛት። አባዬ ካለች ድምፅዋ የቤቱ ድምፅ ይሆናል፣ ትጮኽበታለች፣ የታመመ ልቡ ይደነግጣል። ስለዚህ ለማንም የምትለውን አለችው፦ ይቀመጡ፣ ግድግዳ ይደገፉ፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ አይዞዎት አባባ። እሱም እሺ፣ እሺ እያለ የተባለውን ሁሉ አደረገ። አላወቃትም። ሠላሳ አራት ዓመት አባቷ ሆኖ ድምፅዋን አላወቀውም።

«መቼ ጀመረዎት?»

«ከጧት ጀምሮ ነው።»

«ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም?» ብላ ጠየቀች፤ መጠየቅ ግዴታዋ ነው።

«ልጄ ነበረች። ስትጣደፍ አየኋትና ምን ብዬ ላስቸግራት? እዚያው እናንተ ጋ ነው የምትሠራው። እንዳትነግሯት፣ አደራ።»

«ታዲያ ለሷ ለምን አልደወሉላትም?»

«ካልሞትክ በቀር ሥራ ቦታ እንዳትደውልልኝ ብላኛለች» አለና፣ በዚያ ሕመም ላይ ሳቅ አለ። «ገና ነኝ መሰለኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም፣ ሥራው ነው እንጂ። አንቺ ግን አነጋገርሽ ደስ ሲል። የወለደሽ ታድሏል።»

 አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም። ሦስት ደቂቃ ይላል ኮምፒውተሩ። በሦስት ደቂቃ ሰው ይሞታል፤ ስንቱ ጆሮዋ ላይ ሞቷል። ይህን ድምፅ የባዳ መስሎት ቢሄድስ?

«አባዬ» አለች፣ «እኔ ነኝ።»

 ትንፋሹ ብቻ ይሰማል፤ አንድ በአንድ ቆጠረችው።

«ይቅርታ ልጄ» አለ በመጨረሻ። «አንቺ ታነሺዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። በይ ልዝጋው።»

«አትዝጋው፣ አባዬ። አዋራኝ።»

«ምን ላውራሽ?»

«የፈለግከውን።»

ግራ ገባው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እየተቆራረጠ፣ ሲጠግነው ስለ ሰነበተው ወንበር እግር ጀመረ፤ ሙጫው አልይዝ ብሎት ሁለቴ ነቅሎ እንደመለሰው፣ ጥፋቱ የእንጨቱ እርጥበት እንደሆነ። እሷም የምን እንጨት ነው አለችው፤ ነገራት። ሌሎች መስመሮች ይጮኻሉ፣ የፈረቃ ኃላፊዋ አጠገቧ ቆሞ ሌላ ጥሪ እንድታነሳ በእጁ ምልክት ይሰጣታል፣ እሷ ዓይኗን ከደቂቃው ላይ አልነቀለችም።

የእግር ኮቴ ሰማች፤ ሳጥን ወለል ላይ ሲያርፍ ሰማች። የአምቡላንሱ ባለሙያዎች አባቷን ስልኩን እንዲያስቀምጥና እንዲጋደም ለመኑት።

«ትንሽ ታገሱኝ» አላቸው አባቷ። «ከልጄ ጋር እያወራን ነው።»