አረንጓዴው ክብ

በኛ አገር በእንግሊዝ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ገና ያልተፈተነውን ፈተና ውጤት ይዞ ነው የሚያመለክተው። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፤ ማመልከቻው ግን ከዚያ በፊት፣ ጥቅምት ላይ ይዘጋል። ስለዚህ መምህራን መስከረም ላይ ተቀምጠው ይህ ልጅ ይህን ያመጣል ብለው ይገምታሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ልጄ ፌይ በባዮሎጂ ኤ፣ በሒሳብ ኤ፣ በኬሚስትሪ ቢ ተገመተላት። የሕክምና ትምህርት ቤት መምረጥ የሚቻለው አራት ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ሦስት ኤ ካላዩ ማመልከቻውን ገልጠው እንኳ አያነቡም። እሷ ግን አልከፋትም። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ወረቀቷን ዘርግታ፣ አንዱን ዩኒቨርሲቲ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ከብባ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ ይኼ ለኔ የተሰፋ ነው። እንደኛ ሰፈር ካለ ትምህርት ቤት ለሚመጣ ልጅ አንድ ዓመት ማዘጋጃ ይጨምራሉ፤ ከዚያ በኋላ ከሌላው ጋር እኩል ሐኪም ነው። ሁለት ኤና አንድ ቢ ይበቃቸዋል።»

«የጓሮ በር ነዋ!» አልኳት።

«ቢሆንስ? አንዴ ከገቡ ቤቱ ያው ነው።»

እናቷ ሊንዚ ሻይዋን እያማሰለች፣ «ልጅቷ ካንተ ትሻላለች፣ ተዋት» አለች። አልተውኳትም። ባርንስሊ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ስነዳ ሰው ሁሉ ዝቅ አድርጎ ሲያየኝ ኖሬያለሁ። ልጄ በፊት ለፊት በር ስትገባ ማየት ፈለግሁ። የፈለግሁት ለሷ ይሁን ለራሴ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም።

የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ሚስስ አክሮይድ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምትሄደው በኔ አውቶቡስ ነው። በማግስቱ ስትሳፈር ሞተሩን አጠፋሁና ዞርኩባት።

«ሚስስ አክሮይድ፣ ልጄን ቢ ያሏት በምን ጥፋቷ ነው?»

«ሚስተር ሃርግሪቭ! እዚህ?»

«አዎ፣ እዚሁ!»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፌይ ጎበዝ ናት። ግን ሰዓት ሲያልቅባት ትደናገጣለች፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሳትደርስ ትቀራለች። ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ እንደሷ ያለው ልጅ ቢ ነው የሚያመጣው። በቢ ደግሞ የምትገባበት ቦታ አግኝታለች። እባክዎ አይንኩባት።»

«የኛን ሰፈር ልጆች እንዲህ እያላችሁ ነው ያስቀራችኋቸው!»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ወለሉን መቱ። «ኧረ ንዳው አንተ ሰውዬ! የሐኪም ቀጠሮ አለኝ፤ ልጅህ እስክትመረቅ ልጠብቅ ነው?»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። ያን ዕለት ማታ ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሴትዮዋ የሠራተኛ ልጅ ትንቃለች፣ ግምቱ ካልተስተካከለ ጋዜጣ ላይ አወጣዋለሁ አልኩ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ሚስስ አክሮይድ ራሷ ከኛ ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ያደገች የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ናት።

በሳምንቱ ቢው ኤ ሆነ።

ፌይ ቦርሳዋን እንዳነገተች እየሮጠች ገባች። «አባዬ! ሚስስ አክሮይድ ግምቴን ከፍ አደረገችልኝ! ለካ ስለፋ እያየችኝ ነበር!»

ስለ ደብዳቤው ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን ሳየው መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ ወረቀቷን አንስታ አረንጓዴውን ክብ በጣቷ ዳበሰች።

«አረንጓዴዋ ግን ቀረች» አለች። «ሦስት ኤ የተገመተለትን አይወስዱም። ሌላ ቦታ ያገኛል ብለው ነው።»

«ትቅር!» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

አራቱን ምርጫ በሌሎች ሞላች። ሦስቱ የገና በዓል ሳይደርስ አልተቀበልንሽም አሏት። አራተኛው ጠርቶ አነጋገራትና መጋቢት ላይ ደብዳቤ ላከ፤ ሦስት ኤ ካመጣሽ ቦታው ያንቺ ነው ይላል። ያን ቀን የተጠበሰ ዓሣና ድንች ገዝቼ ገባሁ። ሳምንቱን ሙሉ ለተሳፈረው ሁሉ «ዶክተር ልጅ አለችኝ» እያልኩ ነዳሁ።

ውጤቱ ነሐሴ ላይ መጣ። ኤ፣ ኤ፣ ቢ። ኬሚስትሪው በአራት ማርክ አነሳት። የመጨረሻው ገጽ ላይ አልደረሰችም።

አራተኛው ዩኒቨርሲቲ ሞልቷል አላት። ከዚያ እኛም እንድንሰማው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደ አረንጓዴዋ ደወለች። ያነሳችው ሴት ደግ ነበረች፤ ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

«የኔ ቆንጆ፣ ይኼ ውጤት ለኛ በቂ ነበር» አለቻት። «በጊዜው አመልክተሽ ቢሆን ዛሬ እንኳን ደስ አለሽ እልሽ ነበር። አሁን ሞልቷል። ለሚመጣው ዓመት ደግሞ በቀጥታ ከትምህርት ቤት የሚመጣውን ብቻ ነው የምንቀበለው።»

ፌይ አመስግና ዘጋች። እኔ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ያቺ እንኳ የጣለችው የራሷን ነው፤ እኔ የልጄን ነው የጣልኩት።

ፌይ አሁን ሱፐርማርኬት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ትደረድራለች። እንደገና ሞክሪ ስላት «ሐኪምነት ለኔ አልተፈጠረም፣ አባዬ» ትለኛለች፤ ስትለኝም አታለቅስም። ባለፈው ሳምንት ያልታሸገ ፖስታ ሰጠችኝ።

«ለሚስስ አክሮይድ ስጥልኝ። አምናብኝ ነበር፣ አሳፈርኳት።»

ፖስታውን ከፍቼ አነበብኩት። «ሐሳብዎን ለውጠው ስላመኑብኝ አመሰግናለሁ። እንዳላሳፍርዎ ብዙ ለፍቼ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ይላል። አራት ቀን በኪሴ ይዤው ዞርኩ። ልቅደደው ብልም እጄ እምቢ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ሚስስ አክሮይድ ስትሳፈር «ከፌይ ነው» ብዬ ሰጠኋት። በመስታወቱ አያታለሁ። አነበበችው። መልሳ አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ትምህርት ቤቱ ፌርማታ ስንደርስ መጥታ አጠገቤ ቆመች። ፖስታውን በሁለት እጇ ይዛዋለች።

«አልነገሯትም?» አለችኝ።

ከኋላዋ ሰው ለመውረድ ተሰልፏል። «ደርሰናል፣ ሚስስ አክሮይድ» አልኳትና በሩን ከፈትኩላት።