ይላል ወረቀቱ

ሚናስን የጣለችው አንዲት የውሸት መበለት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕክምና ተማሪ ኦስኪ የሚባል ፈተና አለበት። ደወል ሲደወል ወደ አንድ ክፍል ይገባል። ውስጥ ታመምኩ የሚል ሰው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። በአሥር ደቂቃ ጠይቆ፣ ምን እንደያዘው ገምቶ ይወጣል። ሰውየው አልታመመም፤ ታምሟል ተብሎ በወረቀት ተጽፎለት፣ አጥንቶ የመጣ ነው። ሚናስ በገባበት አራተኛው ክፍል የተቀመጠችው ሴት «እንቅልፍ አጣሁ፤ ባሌ ከሞተ አርባው እንኳ አልወጣም» ብላ እንባዋን ስትዘረግፈው፣ እሱ ሆዬ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ «ልቅሶው የጀመረዎት ድንገት ነው ቀስ በቀስ? ወደ ጀርባ ይሄዳል? ምግብ ሲበሉ ይብስብዎታል?» አላት። መበለቲቱ የውሸት ልቅሶዋን አቋርጣ የእውነት ሳቀች። ፈታኙ ግን አልሳቀም። ከውጤቱ ግርጌ ሁለት ቃል ብቻ ጻፈ፦ «ይጠይቃል፤ አይሰማም።»

በዚህ የተነሣ ሚናስ ለአራት ሳምንት ማካካሻ ደባርቅ ሆስፒታል ተላከ። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ እንደገና ይፈተናል። ካለፈ ከጓደኞቹ ጋር ይቀጥላል። ከወደቀ ዓመቱን ከታናናሾቹ ጋር ይደግማል።

ዓመት መድገም ለሌላው ሰው ዓመት መድገም ነው። ለሚናስ ግን በየማታው የሚመለስባት የትውልድ ከተማው ዳባት አለች። ዳባት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱ የመጣ ዕለት «ዶክተር» ብላ ሾማዋለች፤ እሷ የሾመችውን ማን ይሽረዋል? ከቤቱ እስከ ሚኒባስ መሳፈሪያው ባለው መንገድ ሦስት ሰው ምላሱን ያሳየዋል፣ ሁለት ሰው ጉልበቱን። ከሁሉም የሚብሱት መሳፈሪያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሻረው ናቸው።

«ዶክተር፣ ደባርቅ ምን ትሠራለህ?»

«ማካካሻ ነው፣ ጋሼ።»

«የምኑ?»

«የ… የልምድ።»

«ጎበዝ! ልምድ ይበጃል። እኔን ይኸውልህ፣ ይችን ወገቤን ሦስት ዶክተር አየልኝ። አንዱም ግራ አልገባውም። ገና አፌን ስከፍት ሁሉም አወቋት፤ መድኃኒቱንም ጻፉት። ወገቤ ግን ያችው ናት። እስቲ አንተ አንድ ቀን…»

«መኪናው ሊሄድ ነው፣ ጋሼ!»

በየቀኑ መኪናው ሊሄድ ነው።

ደባርቅ ላይ የተረከበችው ዶክተር ሐመልማል የምትባል፣ ቁመቷ አጭር፣ ዝምታዋ ረጅም ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ከኪሱ የጥያቄ ዝርዝሩን ወስዳ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

«ለሁለት ሳምንት አትጠይቅም» አለችው። «ተመላላሽ ክፍል ከእኔ ጋር ትቀመጣለህ። በሽተኛው ሲወጣ ያለውን በራሱ ቃል ትነግረኛለህ። በአንተ ቃል አይደለም። በራሱ።»

ቀላል መሰለው። የመጀመሪያው በሽተኛ ከአምባራስ የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። «ምን አመመዎት አባቴ?» ሲባሉ ከበቅሏቸው ጀመሩ። በቅሎዪቱን ከማን እንደገዟት፣ ቀለሟ ምን እንደሚመስል፣ በስንት ሰው ዓይን እንደገባች፣ በኋላም ዝናቡ መንገዱን አላልሶት እንዴት እግሯ እንደከዳት። ሚናስ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።  ሽማግሌው ተናግረው፣ ተመርምረው ወጡ።

«ምን አሉ?» አለች ዶክተር ሐመልማል።

«ሲያስለኝ ጎኔን ይወጋኛል አሉ። የሳንባ ምች ይመስለኛል።»

«በቅሎዪቱስ?»

«በቅሎዪቱ… ገደል ገባች።»

«ማን ተቀምጦባት?»

  ሽማግሌው ራሳቸው ነበሩ፤ ከእሷ ጋር ወድቀው የጎን አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር።

«ታዲያ የቱ በሽታ፣ የቱ በቅሎ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አለ ሚናስ።

«አይታወቅም። እስኪያልቅ ትሰማለህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚናስ ግራ ገብቶት ይውል ጀመር። ድሮ ሳይሰማ በፊት ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር፤ ሳል ሳል ነው፣ ቁርጠት ቁርጠት ነው። አሁን ከጃናሞራ የመጣች እናት ስለ አማቷ ስታወራ የአማቷም ነገር በሽታ እየመሰለው ተቸገረ።

በሦስተኛው ሳምንት ልምምድ ተጀመረ። የውሸት በሽተኛ ፈልጋ የምታመጣው ነርሷ ሲስተር በለጠች ናት። ለልምምዱ ከሰሜን ተራሮች፣ ከቡይት ራስ አንድ አስጎብኚ አመጣች።

«ደረትህን ያምሃል?» አለው ሚናስ።

«በጣም!»

«ያስልሃል?»

«እንዴታ!»

«አክታው ደም አለው?»

«እንዲኖረው ትፈልጋለህ?»

ሲስተር በለጠች በሳቅ ፈረሰች። «ቱሪስት አበላሽቶት እኮ ነው! ‹ዛሬ ጭላዳ እናያለን?› ሲሉት ‹አናይም› ብሎ አያውቅም። አይዞህ ዶክተሬ፣ ለፈተናህ ቀን የማይዋሽ ሰው አመጣልሃለሁ።»

የማይዋሽ ሰው እንዴት የውሸት በሽተኛ እንደሚሆን ያሰበ አልነበረም።

ሲስተር በለጠች ያመጣቻቸው የሰበካዋን የድጓ መምህር መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴን ነው። ለተማሪ ነው ስትላቸው እምቢ ማለት አልቻሉም፤ ዕድሜያቸውን በተማሪ መካከል ነው የጨረሱት። ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የተላከውን ወረቀት ወስደው በአንድ ቀን በቃላቸው ያዙት። ከዚያ በኋላ ግን ጭንቅ ያዛቸው፤ ሳይታመሙ ታመምኩ ማለት እንዴት ይሆናል? የነፍስ አባታቸው ዘንድ ሄዱ። የነፍስ አባታቸውም አስበው አስበው፣ «ከወረቀት ያገኙትን መናገር ውሸት አይደለም፤ ከየት እንዳገኙት ከተናገሩ» ብለው ፈቱላቸው።

የፈተናው ጠዋት ዶክተር ሐመልማል ጥግ ላይ ተቀመጠች። እጇ ላይ ሃያ ባዶ ሳጥን ያለበት ቅጽ ይዛለች። አሥራ ሁለቱ ላይ ምልክት ካረፈ ሚናስ አለፈ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሳጥኖች የሚያስሞላው በሽተኛው ራሱ ነው። ስልኳን አሥር ደቂቃ ላይ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሚናስ ስሙን ተናገረ፣ ፈቃድ ጠየቀ። እስክሪብቶዋ ሁለት ጊዜ ጫር አለች።

«እንደምን አደሩ መሪጌታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

«ምን አመመዎት?»

«ደረቴን ይወጋኛል፤ ይላል ወረቀቱ።»

ሚናስ ወደ ዶክተር ሐመልማል ዞረ። እሷም ወደ ቅጿ ዞረች።

«ከ… ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ቀን ሆነኝ፤ ይላል።»

«ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል?»

«ወደ ግራ ክንዴ ይወርዳል ይላል። እዚህ ላይ ‹ክንድህን ይዘህ አቃስት› ይላል።» ክንዳቸውን ያዙ። አላቃሰቱም።

«ያቃስቱ እንጂ መሪጌታ» አለች ዶክተር ሐመልማል።

«ያላመመኝን?»

በሩ ሥር የቆመችው ሲስተር በለጠች ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሚናስ ላብ አጠመቀው፤ ግን ሳጥኖቹ እየሞሉ ነው። ሲራመዱ ይብሳል? ይብሳል ይላል። ሲያርፉ ይተዋል? ይተዋል ይላል።

«ሲጋራ ያጨሳሉ?»

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። «ሃያ ዓመት አጭሻለሁ፤ ይላል ወረቀቱ። ይህን የጻፈውን ሰው እግዚአብሔር ይቅር ይበለው።»

ስምንት ሳጥን። ሚናስ ልቡ ሞቀ።

«እንቅልፍስ እንዴት ነው?»

«በሰላም እተኛለሁ ይላል። ግን አራት አምስት ጊዜ ለሽንት እነሣለሁ።»

ጫር። ዘጠኝ። ቀጥሎ ስለ ቤተሰብ በሽታ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት ይጠይቃል፤ ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ሳጥን፣ አሥራ ሁለት። ማለፉ ነው። ስልኩ ላይ አራት ደቂቃ ቀርቷል። አፉን ከፈተ።

አንድ ነገር ግን ጆሮው ውስጥ ቀረበት። እንደ ጎደለ ጥርስ ምላሱ ወደዚያው ሄደበት። አራት አምስት ጊዜ እነሣለሁ። ከዚያስ? ከዚያ ምንም። ‹ይላል ወረቀቱ› የለም።

ምናልባት ረስተውት ይሆን? የድጓ መምህር ይረሳል? ወይስ ይህም ፈተና ነው፤ ውስጡ ሌላ ፈተና ያለበት? ዶክተር ሐመልማልን አያት። እሷም አንገቷን አቅንታ ቅጿ ላይ የሆነ ነገር ትፈልጋለች፤ የምትፈልገው እንደሌለ ከፊቷ ያስታውቃል።

ሦስት ደቂቃ።

«መሪጌታ፣ ለሽንት እነሣለሁ ያሉትን…  ወረቀቱ ይላል?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።  ሚናስ ሌላ ጥያቄ ሊጨምር ቃጣና ምላሱን ነከሰ። ሰማ።

«ወረቀቱ አይልም» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማኅሌት ቆሜ ሦስት ጊዜ ስወጣ ተማሪዎቼ እርስ በርስ ይተያያሉ። ውኃ አልጠግብም። ዘንድሮ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መታገስ አቃተኝ፤ ተደብቄ ጠጣሁ። ፈተና ነው ብዬ ለነፍስ አባቴ ነገርኩ። ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም። ሐኪም ዘንድስ እንዴት ይኬዳል? ‹ሆዳምነት ያዘኝ› ይባላል?»

«እግርዎትስ?»

«እግሬ ምን አለ?»

«ሲገቡ ቀኙን ሸሸግ አድርገው ረገጡ።» ይህን መቼ እንዳየው ለራሱም አልገባውም። «ይፍቀዱልኝ፣ ጫማዎን ላውልቀው።»

በዚያ ፈተና ሰው መንካት ክልክል ነው፤ ጥያቄ ብቻ ነው። ሚናስ ተንበርክኮ ጫማውን አወለቀ። አውራ ጣታቸው ሥር የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቁስል ተከፍቷል። ነካው።

«ያምዎታል?»

«የቱ?» አሉ መሪጌታ፤ መነካታቸውን አላወቁም።

ስልኩ ጮኸ።

ሲስተር በለጠች ሳትታዘዝ የስኳር መለኪያውን ይዛ መጣች። ጣታቸውን ወጋች፣ ማሽኑን አየች፣ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «አባቴን! በዚህ ስኳር ነው እንዴ ሲቆሙ የሚያድሩት?»

ቁስሉ ከታጠበና ከታሸገ በኋላ ዶክተር ሐመልማል ቅጹን አነሣች። ግራ መጋባቷን ለመደበቅ ይመስላል፣ ድምፅዋን እንደ ዳኛ አደረገችው።

«ዘጠኝ ነው ያለህ። ሦስቱን የሚያስሞሉት በሽተኛው ናቸው። መሪጌታ፣ ተማሪው በደንብ አዳመጠዎት?»

ዘጠኝና ሦስት አሥራ ሁለት። ሚናስ ትንፋሹን ያዘ።

«የምመሰክረው ለማን ነው?» አሉ መሪጌታ። «ለወረቀቱ ሰውዬ ነው ወይስ ለራሴ?»

«ቅጹ የወረቀቱ ሰውዬ ነው።»

መሪጌታ ሚናስን በርኅራኄ አዩት። «እንግዲያውማ አላዳመጠውም። ሰውዬው ደረቱን እየወጋው ነው ጥሎት የሄደው። ይኼኔ ሞቷል።»

«መሪጌታ!» አለች ሲስተር በለጠች። «እግርዎን ያተረፈልዎትን ልጅ!»

«ስለ እግሬ ይጠይቁኝና ልመስክር። ስለ ሞተው ሰውዬ ሐሰት አልመሰክርም።»

ሚናስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አምስተኛውን ዓመት ከታናናሾቹ ጋር፣ ዳባትን ከእነ ምላሷ በዓይኑ አያቸው። ከሁሉ የገረመው ያልተቆጨ መሆኑ ነው። ወይስ ተቆጭቷል? አላወቀውም።

 ዶክተር ሐመልማል ተነሥታ መሳቢያዋን ከፈተች፤ ከሚናስ የጥያቄ ዝርዝር ሥር ቢጫ የሆነ ሌላ ቅጽ መዝዛ አወጣች። አቧራውን እፍ አለችበት።

«ይኼ በእውነተኛ በሽተኛ ላይ የሚደረገው ምዘና ነው። ከሁለት አንዱን ያለፈ ያልፋል ይላል መመሪያው። አይቻለሁ አይደል? አሥሩንም ደቂቃ እዚሁ ነበርኩ። አንደኛ፣ ‹በሽተኛው እውነተኛ መሆኑ ተረጋግጧል?›»

«ተረጋግጧል» አለች ሲስተር በለጠች ማሽኑን ከፍ አድርጋ።

«‹ተማሪው ከበሽተኛው ፈቃድ ጠይቋል?›»

«መጀመሪያ የጠየቀው የወረቀቱን ሰውዬ ነው» አሉ መሪጌታ።

«ጫማዎን ሲያወልቅስ?»

«‹ይፍቀዱልኝ› ብሏል። እሱ የእኔ ጫማ ነው።»

እስክሪብቶዋ ጫር አለች።

«‹በሽተኛው ተደምጫለሁ ይላል?›»

«ይላል» አሉ መሪጌታ፤ ትንሽ አሰቡና፣ «ወረቀቱ ሳይሆን እኔ» አሉ።

ወደ ማታ ሚናስ ዳባት ሲወርድ በአንድ ኪሱ ወድቋል የሚል፣ በሌላው አልፏል የሚል ቅጽ ይዞ ነበር። ሁለቱም የአንዲት ሴት ፊርማ፣ የአንድ ዕለት ውጤት፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ ናቸው። በሁለቱም ቅጾች ዳር ላይ ያለችውን የዶክተር ሐመልማልን የእጅ ጽሑፍ መኪናው ውስጥ አራት ጊዜ አነበባት፦ «ይሰማል፤ መጠየቁን ግን ይረሳል።»

ጋሽ ሻረው ከሱቃቸው ደጃፍ ወገባቸውን ይዘው ተነሡ።

«እህ፣ ዶክተር! ፈተናው እንዴት ሆነ? አለፍክ?»

«አልፌያለሁ… ይላል ወረቀቱ።»

«ወረቀቱን ማን ጠየቀው? አንተስ ምን ትላለህ?»

ሚናስ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላው የሚኒባሱ ጥሩምባ ይጮኽበታል።

«እኔማ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ግራ ገብቶኛል።»

የጋሽ ሻረው ፊት በራ። ሱቅ ውስጥ ገብተው በርጩማ አወጡ፤ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉለት።

«ግራ የገባው ተገኘ!» አሉ። «ና ቁጭ በል። ይች ወገቤ የጀመረችኝ እንዲህ ነው፤ ያን ጊዜ አንዲት በቅሎ ነበረችኝ…»